የአስራ ሰባት ቁጥር ሱሪ

ለኤስቴርቢና ስለ ስፖርተኛ ጀግንነት የሚያወራላት ሰው ካለ፣ አፏን ወደ ግራ ታጣምምና እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የሳንታ ኤዱቪሄስ ስታዲየም ልብስ አጣቢ ነበረች። ሌላው ሰው ጀግናን የሚያየው ከፊት ለፊት ነው። እሷ ሱሪውን ገልብጣ ነው ያየችው።

የስኳር ፋብሪካው ገንዘብ በነበረው ዘመን ከየደሴቱና ከየአገሩ ስፖርተኛ ይጋበዝ ነበር። ቦክሰኛው፣ ሯጩ፣ ክብደት አንሺው፣ ሁሉም መጥቶ አላበ፤ ላቡን ለኤስቴርቢና ጥሎ ሄደ። አሁን ፋብሪካው ዝጓል። ሽማግሌዎቹ ከቤቷ ፊት ለፊት ዛፍ ስር ዶሚኖ እየደበደቡ የድሮ ስም ሲያነሱ ይውላሉ። እሷም በረንዳዋ ላይ ለጥብስ የሚሆን ሙዝ እየላጠች ታርማቸዋለች።

«ያ የኩባው ቦክሰኛ፣ ኦሬስቴስ፣ ፍርሃት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር» ይላል አንዱ።

«ቁምጣውን ማን ያጠበው መሰለህ?» ትላለች ከወዲያ።

«የቬኔዙዌላው ክብደት አንሺስ? ሁለት መቶ ኪሎ እንደ ትራስ ነበር የሚያነሳው።»

«ሻንጣውን ግን ሁለት ሰው ነበር የሚሸከምለት። ወገቤን ያመኛል ይል ነበር።»

የፓናማው ቤዝቦል ወርዋሪ ደግሞ ማሸነፍ ከጀመረ ዕድሌ አብሮ ይታጠባል ብሎ ካልሲውን አያሳጥብም ነበር። በሶስተኛው ሳምንት ካልሲው ብቻውን መቆም ሲጀምር፣ ኤስቴርቢና ሰርቃ አጠበችውና መልሳ አቧራ ነሰነሰችበት። ሰውዬው አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ለጋዜጠኛም «ምስጢሩ ካልሲዬ ነው» አለ። እሷ የምታከብረው አንዲት የጃማይካ ሯጭ ብቻ ናት፤ ልብሷን ራሷ አጥባ፣ አስጥታ፣ አጥፋ የሄደች። ያቺ ልጅ አራተኛ ስለወጣች ግን ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ውስጥ የሚያስታውሳት የለም።

ኤስቴርቢና ሶስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። የሸንኮራ ባቡር ነጂ አግብታ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፤ ባቡር ነጂው ሞተ፤ ልጅቱ ዋና ከተማ ገባች። የልጅቱ የክርስትና አባት ቪኒሲዮ ነው። ባሏ የሞተ ጊዜ ዘጠኙን የጸሎት ቀን አንድም ሳይቀር አብሯት የተቀመጠው እሱ ነው። ስለዚህ ኤስቴርቢና እሱን ስትንቅ እንኳ በልክ ነው።

ቪኒሲዮ ማክሰኞ ጠዋት መጣ።

«አበልጄ፣ እንዴት አደርሽ?»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ሰላም ማለት አይቻልም እንዴ?»

«ሰላም ልትለኝ ሸሚዝ ተኩሰህ አትመጣም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አውራጃው በየዓመቱ የድሮ ስፖርተኞችን መርጦ «ዘላለማዊ» ብሎ ይሾማል። ፎቶ ይሰቀላል፣ ስም በነሐስ ይቀረጻል። እስካሁን ከተሾሙት አስራ ዘጠኝ ዘላለማውያን አስራ አራቱ ሞተዋል። ዘንድሮ ቪኒሲዮ ታጭቷል። የፋብሪካውን መዝገብ ምስጥ ስለበላው ግን፣ በዚያ ዘመን ስታዲየሙ ውስጥ የሰራ አንድ ሰው በሕይወት ተገኝቶ መመስከር አለበት። የተረፈችው ኤስቴርቢና ብቻ ናት።

«አየሁት ብለሽ ትፈርሚያለሽ፤ በቃ።»

«ምኑን ነው ያየሁት?»

«እንዴ! መንሸራተቴን ነዋ!»

ይህን መንሸራተት መንደሩ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ ከፖርቶ ሪኮ ከመጣ የቤዝቦል ቡድን ጋር ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ሲል፣ የእኛ አስራ ሰባት ቁጥር ከሶስተኛው ቤዝ፣ ከመጨረሻው ማረፊያ፣ ተፈትልኮ ሮጠ። ከዚያ ቀይ ጭቃው ላይ በሆዱ ተንሸራትቶ በኳስ ያዡ እግር ስር ገባ፤ የማሸነፊያውን ነጥብም አስቆጠረ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ክንድ ያህል ተንሸራተተ ይባል ነበር። ዛሬ ዘጠኝ ሜትር ደርሷል። ስታዲየሙ ሁለት ሺህ ሰው ነው የሚይዘው፤ አየን የሚሉት ግን አስራ አንድ ሺህ ይሆናሉ።

አስራ ሰባት ቁጥር ቪኒሲዮ ነበር፣ በወረቀት። የዚያን ቀን ግን ቪኒሲዮ የተበላሸ ሸርጣን በልቶ ሽንት ቤት ነው የዋለው። አሰልጣኙ ከሸንኮራ ቆራጮች ሰፈር ቴሊስማ የሚባል ልጅ አስጠራ። ቴሊስማ የሄይቲ ሰዎች ልጅ ነው፤ እንደ ንፋስ የሚሮጥ፣ ግን አንድም ወረቀት የሌለው። በቪኒሲዮ ወረቀት፣ በቪኒሲዮ ስም፣ በቪኒሲዮ ሱሪ ገባ። ሱሪው ስላጠረው ኤስቴርቢና ጠርዙን ፈትታ አራት ጣት አስረዘመችው። ማታውኑም ከጉልበት እስከ ወገቡ ቀይ ጭቃ ሆኖ መጣላትና አጠበችው።

«የዚያን ቀን የት እንደነበርክ ረሳኸው?» አለችው።

«ሆዴን ትንሽ አሞኝ ነበር።» ቪኒሲዮ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ግን እንደምንም ተጫወትኩ አይደል?»

እያሾፈ እንዳይመስላችሁ። ሰውዬው ከልቡ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሸንኮራ አረቄ የጋበዘው ሰው ሁሉ ተንሸራተትክ ሲለው ኖሮ፣ አሁን የጭቃው ቅዝቃዜ ሳይቀር ትዝ ይለዋል።

ኤስቴርቢና በማግስቱ ሸንኮራ ቆራጮች ሰፈር ወረደች። ቴሊስማ የፋብሪካው የድሮ የሸንኮራ ሚዛን ግቢ ዘበኛ ነው፤ የሚሰረቅ ነገር የሌለበትን ግቢ ይጠብቃል።

«ነገ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ» አለችው።

«ወዴት?»

«ዘላለማዊ ልትሆን።»

ቴሊስማ በቀሩት ጥርሶቹ ሁሉ ሳቀ። «እትዬ ቢና፣ እዚያ በሩ ላይ ምን ይጠይቁኛል?»

«ምን ይጠይቁሃል?»

«መታወቂያ። ያኔ በቪኒሲዮ ወረቀት ገባሁ። አሁን በማን ወረቀት ልግባ?»

«እዚሁ ተወልደህ!»

«ስደተኛ እየለቀመ የሚያባርረው የመንግስት መኪና የት ተወለድክ ብሎ አይጠይቅም። ባለፈው ወር ጎረቤቴን ከቧንቧው ላይ ባልዲ እንደያዘ ነው የጫኑት። ባልዲው እዚያው ቀረ።» ሳቁን አቆመ። «ስሜን እንዳታነሺ። ማይልኝ።»

«ማርያምን።»

ተናዳ ተመለሰች። በማን እንደተናደደች ለማወቅ ግማሽ መንገድ ፈጀባት። ያንን ሱሪ ያስረዘመው የእሷ እጅ ነው፤ ሃምሳ ዓመት የስንቱን ቁምጣ እያነሳች ስታወራ ስለዚህ አንድ ሱሪ ትንፍሽ አላለችም። እዚያው መንገድ ላይ አፏን ወደ ግራ አጣመመች፤ በራሷ።

ሐሙስ ዕለት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞላ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ዶክተር ራዳሜስ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ሰው አፉን እንዲከፍት እንጂ እንዲናገር አልለመዱም። ጠረጴዛው ላይ ቪኒሲዮ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቀምጦ ያስረከበው ሱሪ በመስታወት ሳጥን ተቀምጧል። ወገቡ ላይ ኤስቴርቢና በቀይ ክር የሰፋችው 17 ይታያል።

«እሜቴ ኤስቴርቢና፣ ሱሪውን ያውቁታል?»

«ከአንዳንድ ዘመዶቼ ይልቅ አውቀዋለሁ። ይልበሰውና እንየው።»

ቪኒሲዮ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ወጣ። ሱሪው ጫማውን ውጦ መሬት ይጠርጋል።

«እርጅና ያሳጥራል» አሉ ዶክተር ራዳሜስ። «አጥንት ይኮማተራል። በሳይንስ የታወቀ ነው።»

«አራት ጣት?»

«እንደየሰዉ ነው።»

«እኔ አስታውሰዋለሁ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ያኔ ቪኒሲዮ ዘንካታ ነበር!»

«መብራት አምፖል ያለ ወንበር ነበር የሚቀይረው!» አለ ሌላው።

በአስር ደቂቃ ውስጥ ቪኒሲዮ በየበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ሆነ። እሱም ጀርባውን ቀና አደረገ።

ዶክተር ራዳሜስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌላ ሰው ነው የለበሰው ሊሉን ነው? እንግዲያው ይንገሩን፣ ማን?»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። የእያንዳንዱን እድፍ ባለቤት በስም የምትጠራው ኤስቴርቢና፣ ስሙ ጥርሷ ድረስ መጥቶባት አፏን ገጥማ ቆመች።

«አላውቅም» አለች።

ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ተያዩ። ይህን ቃል ከአፏ ሰምተው አያውቁም።

«ታዲያ ይፈርማሉ?»

«እኔ የምለው ከተጻፈ እፈርማለሁ። ጻፊ» አለቻት ጸሐፊዋን። «የዚያን ቀን የአስራ ሰባት ቁጥር ሱሪ ከጉልበቱ እስከ ወገቡ ቀይ ጭቃ ነበር። የለበሰው ሰው ተንሸራትቷል። ያጠብኩት እኔ ነኝ። በቃ፤ ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። አዳራሹ አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ለቪኒሲዮ ነው፤ የተጻፈው ውስጥ ስሙ እንደሌለ ያየ ሰው አልነበረም። ዶክተሩም ሳያነቡ ማህተም መቱበት።

ደጅ ላይ ቪኒሲዮ ሱሪውን በክንዱ ይዞ ተከተላት።

«አበልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

«ለአንተ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ።» ሱሪውን ዘረጋላት። «የሹመቱ ቀን ልለብሰው ነው። አሳጥሪልኝ።»

ተቀበለችው። ያ አራት ጣት ጨርቅ ከተቆረጠ፣ ቴሊስማ ያንን ሜዳ ለመርገጡ በዓለም ላይ የሚቀር ምልክት የለም።

ሶስት ቀን ቤቷን ዘግታ ሰፋች። ከድሮው የቡድን ጨርቅ የተረፈ ቁራጭ ነበራት። በቪኒሲዮ ልክ፣ በዚያች አጭር እግር ልክ፣ ሌላ ሱሪ ሰራች። በቀይ አፈር ዘፈዘፈችው፣ ፀሐይ ላይ አደረቀችው፣ ደግማ ዘፈዘፈችው፣ ጉልበቱን በድንጋይ ፈተገችው፣ ወገቡ ላይ 17 ሰፋችበት። ሃምሳ ዓመት ለማስረጀት ሶስት ቀን በቂ ሆኖ አገኘችው።

የሹመቱ ዕለት ቪኒሲዮ መድረክ ላይ ወጣ። ሱሪው ልክ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አረፈ።

«ልክ እንደ ያኔው!» ብሎ አለቀሰ። «ልክ እንደ ያኔው ነው የሆነልኝ!»

ዘንካታ ነበር ብለው የመሰከሩት ሰዎች ራሳቸው «እውነት ነው፣ ልክ እንደ ያኔው» አሉ። በማግስቱ ሱሪው መስታወት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተቆለፈበት፤ የፖሊስ ዘበኛም ተመደበለት።

ኤስቴርቢና ግን ከሹመቱ በፊት በነበረው ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቷ ይዛ ሚዛን ግቢው ደርሳ ነበር። ቴሊስማ ፈቶ አየው። ጠርዙን በጣቱ ዳበሰው።

«ሰረቅሽው?»

«አሳጥሪልኝ አለኝ። አጭር ሱሪ እሰጠዋለሁ። የምን ስርቆት ነው?»

ከዛገው ፉርጎ ጀርባ ገብቶ ለብሶት ወጣ። ርዝመቱ ልክ ነው። ቁልፉ ግን አልገጥም ብሎ በሲባጎ አስሮታል። ግቢውን እስከ ሚዛኑ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ለሥራ ጥሩ ነው» አለ። «ወገቡ ግን ጠቧል፣ እትዬ ቢና።»

«ሱሪው አልጠበበም፤ አንተ ነህ የሰፋኸው» አለችው። «በረኪና እንዳታስነካው።»