የተኩላው ትርጓሜ

አዲስ አበባ የጀመርሁት ትምህርት ጣሊያን ሲገባ ተቋረጠ። አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በጋቢዬ ጠቅልዬ ወደ ጎጃም ተመለስሁ፤ ደብረ ኤልያስ አጠገብ ካለ ቅኔ ቤት ገባሁ። ቅኔ ወድጄ አልነበረም፣ መጠጊያ አጥቼ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር፤ እዚያ ካሉት ሁሉ የበለጥሁም ይመስለኝ ነበር። የፈረንጅ መጽሐፍ አንብቤ የለ።

መምህራችን የኔታ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጆሯቸውን ግን ምንም አያመልጠውም። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ቅኔውን ነግሯቸው ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ ንገረን፣ እንግሊዞች ሲጽፉ ነገር ይሰውራሉ ወይስ እንዲሁ ያፈሱታል?»

«ይሰውራሉ የኔታ። ዛፍ ብለው ሰው ማለታቸው ነው። ምልክት ይሉታል።»

ከመጽሐፉ አንድ ታሪክ ተረጎምሁላቸው። በብርድ ወራት ከተራራ የሚወርድ ተኩላ አለ። የመንደሩ ሰዎች እንዲተዋቸው ብለው በየሳምንቱ አንድ በግ ከደጅ ያስሩለታል። በጎቹ ሲያልቁ ተኩላው ከበሩ ቆሞ ይጠብቃል። ታሪኩ ይኸው ነው። ደራሲው ስለ ረሃብ ብቻ ጽፎ ይሆናል፤ ምን እንዳሰበ እኔ በምን አውቃለሁ። ግን የኔታ እያዳመጡኝ ነበርና ልቤ አበጠ። «ተኩላው አገር የሚወር ንጉሥ ነው። በግ አሳሪዎቹም ለሹመት ብለው የገቡለት ባላባቶች ናቸው» አልሁ።

የኔታ «ይህ በቃል ይያዝ» አሉ።

በዚያ ቤት በቃል ይያዝ የተባለ ነገር ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት ይያዛል። የተናገረው ማንም ይሁን ማን፣ ከዚያ ደጅ የወጣ ትርጓሜ የመምህሩ ነው፤ ተማሪ «የእኔ ነው» ቢል ነውር ነው። ይህ ወግ ያናድደኝ ነበር። የእኔ መሆኑን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር።

ተማሪዎቹ ቁራሽ ሲለምኑ ትርጓሜውን በየመንደሩ ይዘውት ዞሩ። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሉት፤ ማን ፊት እንደሆኑ አያዩም። ለጣሊያን በገባ አንድ ባላባት ደጅም አሉት። ባላባቱ በግ አሳሪው እሱ መሆኑን ለመረዳት የፈረንጅ ትምህርት አላስፈለገውም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንድ የጣሊያን መኮንን፣ አስተርጓሚና ወታደሮች አስከትሎ መጣ። አሰለፉን። መጽሐፉን ከመኝታዬ ሥር አወጡት።

«የማን ነው?» አለ አስተርጓሚው።

«የእኔ ነው» አልሁ። የተገኘው ከእኔ መኝታ ነው፣ ምን እላለሁ።

«የተኩላው ትርጓሜስ የማን ነው?»

ያን ጊዜ ያ የናቅሁት ወግ ትዝ አለኝ። እንዴት ያለ ምቹ መሸሸጊያ ሆነ መሰላችሁ። አንገቴን ደፍቼ፣ እንደ ጨዋ ተማሪ፣ «የመምህራችን ነው» አልሁ።

ማን እንደተናገረው ተማሪው ሁሉ ያውቃል። ትንፍሽ ያለ ግን የለም። የኔታ ቀስ ብለው ከሰልፉ ወጡና «አዎ፣ የእኔ ነው» አሉ።

አስተርጓሚው አላመነም። «እርስዎ እንግሊዝኛ ከየት ያውቃሉ? ይህ ልጅ ነው እንጂ» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

የኔታ ወደ እኔ ዞር አላሉም። «እሱማ ገና ተማሪ ነው። ፊደሉን አነበበልኝ እንጂ የራሱ የሚለው ነገር የለውም» አሉ።

እጃቸውን የኋሊት አስረው በደብረ ማርቆስ መንገድ ወሰዷቸው። አልተመለሱም። ከነፃነት በኋላ ብዙ ዘመን እንግሊዝኛ አስተማርሁ፤ ትርጓሜ አዋቂ እየተባልሁ ተመሰገንሁ፣ ምስጋናውንም ተቀበልሁ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። በዚያ ረፋድ፣ የኔታ «የለውም» ሲሉ፣ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አለኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም።