ዱቄቱ የጾም ነው የፍስክ?

የእናቴ መንደር ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። ያን ዓመት የጎተራዋን በቆሎ ነቀዝ ገባበት። እኔ ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ አንድ የግብርና ባለሙያ ጓደኛዬ ነጭ ዱቄት ሰጠኝና ከበቆሎው ጋር አሸሁላት። ነቀዙ እየደረቀ ረገፈ። እናቴ መረቀችኝ። እዚያ ላይ አፌን ብይዝ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባለቀ ነበር።

"ምን መድኃኒት ነው?" ስትለኝ ግን የማስተማር አመሌ ተነሣብኝ። በጥንት ባሕር ላይ ሲንሳፈፉ የኖሩ፣ ዳያተም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ቅርፊት ነው አልኳት። ቅርፊታቸው እንደ መስታወት ያለ ነው። ሲሞቱ ባሕሩ ወለል ላይ ይከመራል፤ ባሕሩ ሲደርቅ ይቆፈራል። የነቀዙን ገላ እየፋቀ የሚያደርቀውም እሱ ነው።

"ነፍስ ነበራቸው?" አለች።

"ሕይወት ነበራቸው።"

ሁዳዴ ሊገባ ተቃርቧል። "ታዲያ የጾም ናቸው የፍስክ?"

ዕፅዋት ናቸው ብዬ ብገላገል ምን ነበረበት! ግን አይደሉማ። እንደ ዕፅዋት ከፀሐይ ምግባቸውን ይሠራሉ፤ ከምንተነፍሰው ኦክስጅንም ቀላል የማይባለው የእነሱ ሥራ ነው። እንስሳም አይደሉም፤ ገላቸው ውስጥ ግን የእንስሳ የሚመስል አሠራር አለ። "የጥንት አያታቸው አንድ ቀይ አልጌ ውጦ ሳይፈጨው ቀረ፤ ምግብ የሚሠራላቸው ያ የተዋጠው ነው" አልኳት።

"እንደ ዮናስ?"

"እ... እንደ ዮናስ።"

"ዮናስን እኮ ዓሣው ተፍቶታል። ይኸኛውስ?"

"አልተፋውም። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።"

እናቴ አማተበች። እውነት መሆኑን እያወቅሁ ለራሴም የእብድ ወሬ መሰለኝ።

ሁዳዴ ገባ። እናቴ በቆሎውን እርግፍ አድርጋ ተወችው፤ በየቀኑ ጾሟን ስትፈታ ድንች ብቻ ትቀምሳለች። በየሳምንቱ መጨረሻ ስመጣ ፊቷ አንሶ፣ ቀሚሷ ሰፍቶባት አገኛታለሁ። ጎተራ ሙሉ በቆሎ ከነቀዝ አድኜ እናቴን አስራብኳት። ፈራሁ። በመጨረሻ ነገሩን አስረድቼ የንስሐ አባቷን ይዤ መጣሁ።

"ደም አለው?" አሉኝ።

"የለውም፣ አባታችን።"

"ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል! ታጥቦ ይበላ" አሉና ሊወጡ ሲሉ ከደጃፉ ተመለሱ። "ቆይ እስቲ መምህር፣ ዕፅ ካልሆነ፣ እንስሳም ካልሆነ፣ ምንድን ነው?"

"እንጃ፣ አባታችን" አልኩ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ሙሉ የምጽፍበት ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

እናቴ በቆሎውን ደጋግማ አጥባ ቀቀለችው። አንድ እፍኝ ንፍሮ ወደ አፏ አስጠጋችና ቆም አለች።

"ኖረው ሞተዋል፣ አይደል?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ነፍስ ይማር" አለችና ጎረሰች።

ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ። "ነፍስ ይማር" ብዬ እኔም ዘገንኩ።