ሰው ያለበት መኪና

አባቴ ወሰን ሰፈር ካለ ጋራዥ እንደ አዲስ የተሠራ የመኪና ፍሬን ሸራ እየጫነ መሀል ከተማ ላሉ የመለዋወጫ ሱቆች ያደርሳል። የመኪና ማቆሚያው ዋጋና ቅጣቱ የጨመረ ሰሞን እሱና የሰፈራችን ሾፌሮች አንድ ዘዴ ያዙ፤ ሰው የተቀመጠበት መኪና «ቆሟል» አይባልም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የተቀመጠው ሰው «አሁን እንሄዳለን» ይላል።

በእኛ መኪና የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ኮተቤ ዩኒቨርሲቲ እየተመላለስኩ የመጀመሪያ ዓመት እማራለሁ። ማክሰኞ ጠዋት የሒሳብ ክፍል አለኝ፤ ማክሰኞ ደግሞ አባቴ ዕቃ የሚያደርስበት ቀን ነው። ሦስት ማክሰኞ ቀረሁ። አራተኛ ጊዜ ከቀረሁ ፈተና እንደማልቀመጥ መምህሩ ነገሩኝ። ለአባቴ ግን ምንም አላልኩትም።

መኪናው ውስጥ ደብተሬን ዘርግቼ ስቀመጥ አንዲት ተቆጣጣሪ ትመጣለች፤ እኩያዬ ትሆናለች።

«ሾፌሩስ?»

«እየመጣ ነው።»

«ባለፈው ሳምንትም እየመጣ ነበር» ብላ ፈገግ ትልና ታልፋለች። እሷም የታዘዘችውን ነው የምትሠራው፤ ስለዚህ በእሷ መናደድ አልቻልኩም። የከበደኝ ሕጉ ነው። ካርቶን አውርዶ የሚሄድና ቀኑን ሙሉ መኪናውን አቁሞ የሚውል ሰው እኩል ይቀጣሉ።

አንድ እሁድ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሾፌሮቹ ለመኪና ማቆሚያው ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ሊያስገቡ ቤታችን ተሰበሰቡ። በዕድሜ ትልቁ፣ ጎረቤታችን፣ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«አንቺ ተማሪ ነሽ፤ እንዲገባቸው አድርገሽ ጻፊው። ግን አታርዝሚው፣ እነሱም እንደኛ ማንበብ አይወዱም።»

በጥንቃቄ ጻፍኩ። ዋጋው እንዲቀንስ፣ ዕቃ ለሚያወርድ ሰው አጭር የማውረጃ ጊዜ እንዲፈቀድ ጠየቅሁ። ምክንያት ሲጻፍ አንድም ነገር መቅረት የለበትም ብዬ መጨረሻ ላይ ይህን ጨመርኩ፦ «ቅጣቱን በመፍራት ልጆቻችንን ከትምህርት አስቀርተን መኪና ውስጥ እናስቀምጣለን።»

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ዘዴያችንን በገዛ እጃችን ልንሰጣቸው ነው?» አለ አንዱ ሾፌር። «ማኅተም ብቻ ነው የቀረው።»

ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ጎረቤታችን አልሳቁም። «ከትምህርት አስቀርተን ያልሽው የማንን ልጅ ነው?»

አቀረቀርኩ። አባቴ ያኔ ገባው።

«ማክሰኞ ክፍል አለሽ እንዴ?»

«አለኝ፣ አባዬ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቅር እንዳይልህ ብዬ።»

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። ዓረፍተ ነገሩን የሚሰርዘው መስሎኝ ነበር። ከሥሩ ፈረመና ለጎረቤታችን አቀበላቸው። እሳቸው ከፈረሙ በኋላ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉ።

ማመልከቻው ሰኞ ገባ። ሾፌሮቹ «እናየዋለን» ተባሉ።

ማክሰኞ ጠዋት አባቴ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ አወረደኝና ብቻውን ወደ ከተማ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሌላ ነገር ነበር ያወራነው። መምህሩ ሰሌዳውን እስከ ግማሽ ሞልተው ሳለ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ የአባቴ መልእክት ነበር።

«ተቀጣሁ። አንቺ ገባሽ?»

ጠረጴዛው ሥር ደብቄ መለስኩለት፦ «ገብቻለሁ። የቅጣቱን ወረቀት እንዳትጥለው፤ ከሚቀጥለው ማመልከቻ ጋር እናያይዘዋለን።»