በዝናብ የነቀልኩት ድንጋይ

ባለፈው ክረምት ቢቸና፣ አክስቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ጎረቤታችን ዶማ ይዞ በአጥሩ ጥግ ሲሮጥ በመስኮት አየሁት። ትንሽ ቆይቶ የሽንት ቤት ሽታ መጣ። አክስቴ "እፍ! ዛሬም ለቀቁት" ብላ መስኮቱን ዘጋች። አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ያ ሽታ ግን ወደ ዘጠነኛ ክፍል፣ ወደ ሞጣ መለሰኝ።

ቀበሌያችን ከሞጣ በታች ነው፤ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። አርብ አርብ ወደ ቤት እወርዳለሁ፤ እሁድ በሶዬንና ድርቆሼን ተሸክሜ እመለሳለሁ። ያከራዩኝ እትዬ የሺ ብቻቸውን የሚኖሩ ደግ ሴት ነበሩ። ሲልኩኝ እሮጣለሁ፤ "ጨዋ ልጅ" ካሉኝ ደስታዬ ሳምንት ሙሉ ይበቃኝ ነበር።

መጸዳጃ ቤታቸው ከመንገዱ ቦይ ከፍ ብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። በጎኑ በድንጋይና በጭቃ የተደፈነ ቀዳዳ አለው። የሚመጥ መኪና ማግኘት ቀላል ስላልነበረ፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል። ዝናቡ ሲወርድ ድንጋዩ ይነቀላል፤ ጎርፉ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ያደርግ ነበር።

በሰኔ ለፈተና ሳጠና፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ።

"ይታይሽ! ኧረ አንቺ ልጅ፣ ሳያባራ ነይ!" አሉኝ እትዬ የሺ ከበረንዳው ላይ። "ያቺን ድንጋይ ንቀዪያት። እኔ እንኳ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል።"

"አሁን? ሰው ቢያየኝስ?"

"ማን አይቶሽ! የሚያይሽም የራሱን እየከፈተ ነው።"

ሳቅሁ። ፌስታል በራሴ ላይ አጥልቄ ወጣሁና በዶማ ጫፍ ድንጋዩን ፈነቀልኩት። ጥቁሩ ፍሳሽ እየተንደቀደቀ ወደ ቦዩ ገባ። በዓይኔ ተከተልኩት። ቦዩን ጨርሶ ከድልድዩ ሥር ካለው ጅረት ጋር ተቀላቀለ። ሳቄ ያኔ ቆመ። ያንን ጅረት አውቀዋለሁ፤ አርብ አርብ አብሬው ነው የምወርደው። የሚገባውም እኛ ከምንጠጣው ወንዝ ነው።

ድንጋዩን መልሼ ለመድፈን ታገልኩ፤ ፍሳሹ ገፍትሮ ጣለው።

ቤታችን ስልክ አልነበረም። ሐሙስም አርብም ስፈተን፣ የአራት ዓመቱ ወንድሜ ዘላለም በጣሳ ውሃ ሲጠጣ ከጥያቄው ወረቀት ላይ ይታየኝ ነበር። አርብ እንደጨረስኩ ወደ ቤት ወረድኩ። ሌላ ጊዜ የምወደው የታረሰ አፈር ሽታ እንኳ አስጠላኝ። ሁልጊዜ እግሬን የምታጠብበትን መሻገሪያ በድንጋይ ላይ እየዘለልኩ አለፍኩት። ቤታችን ሊታይ ሲል አንዲት የሰፈራችን ሴት አገኘችኝ።

"የጥሩነሽ ልጅ አይደለሽም? በይ ፍጠኚ፤ ትንሹ ታሟል።"

ዘላለም መደብ ላይ ተጋድሟል። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ያለቅሳል፣ እንባ ግን የለውም። እማዬ ጣሳ ወደ አፉ ታስጠጋለች።

"አትስጪው!" ብዬ ነጠቅኳት።

"ምን ሆንሽ? በነጠላ አጥልዬዋለሁ እኮ!"

ውሃ አፈላሁ፤ ሲበርድ በትምህርት ቤት እንደተማርኩት ስኳርና ጨው በጥብጬ በማንኪያ አጠጣሁት። ከዚያ አዝዬው ከእማዬ ጋር ወደ ጤና ኬላው ሄድን። ትንፋሹ የጠፋ በመሰለኝ ቁጥር ቆሜ እግሩን እቆነጥጠው ነበር፤ እንዲያለቅስልኝ።

የጤና ባለሙያዋ የሌሎች ቤት ልጆችም መታመማቸውን ነገረችን። "ከላይ ከከተማው የሚለቁት ነው" አለች።

"ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?" አለች እማዬ። "ልጅ የላቸውም?"

እኔ ጎንበስ ብዬ የዘላለምን እግር በነጠላዬ ጠቀለልኩ።

በሦስተኛው ቀን ዳቦ ጠየቀ። ሌሎቹም ልጆች ዳኑ።

ሞጣ ስመለስ ለእትዬ የሺ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። "የእኛው መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?" አሉ ቀስ ብለው። "ሰፈሩ በሙሉ ከፍቷል እኮ።" እውነት ነው፤ አላውቅም። ይህች "አላውቅም" ለብዙ ጊዜ መሸሸጊያዬ ነበረች። አሁን ግን ይበልጥ የምታስፈራኝ እሷው ናት፤ እያንዳንዳችን አንድ ድንጋይ ብቻ ስለነቀልን ማናችንም አልተጠየቅንም።

እማዬ ዛሬም እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ታወራለች። "ይኼን ልጅ ያተረፈችው እሷ ናት፤ ባትማር ኖሮ ቀብሬው ነበር" ትላለች። እንግዶቹ ይመርቁኛል። ዘላለም በኩራት ቀና ብሎ ያየኛል። እኔም ዓይኔን ከእሱ ላይ አንስቼ፣ "አሜን" እላለሁ።