ጋሽ ኤርጫፎ ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ ቴፒ አጠገብ ባለ አንድ የቡና እርሻ ውስጥ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሠራ ነው። የእርሻውን ስም አልጽፍም፤ ባለቤቱም ተቀይሯል፣ ሰዎቹም ተበትነዋል። እስከ ዛሬ የማልረሳው ከሥራ ስለተቀነስኩ አይደለም። ከሥራ በመቀነስ እኔ የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም። የማልረሳው በዚያ ሳምንት በገዛ እጄ ያደረግሁትን ስለማውቅ ነው።

የተወለድኩት አማን ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ያለ ሥራ ስንከራተት አንድ ዘመዴ ወደ እርሻው ወሰደኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ተብሎ ደብተር ተሰጠኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለው የብረት ቁራጭ ሲደወል ሠራተኛው ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ይሰበሰባል፣ እኔ ስም እጠራለሁ። "አቤት" ላለ ጭረት፣ ፈቃድ ለያዘ "ፈ"፣ ለቀረ "ቀ"። ሥራዬ ይኸው ነበር።

በደብተሬ እኮራ ነበር። ሌሎቹ ተቆጣጣሪዎች ለዘመድ ለወዳጅ ይሸፍናሉ፤ እኔ ለአባቴም አልሸፍን ብዬ የምፎክር ሰው ነበርኩ። ሴቶቹ "ይሄ ሰውዬ እናቱ ሆድ ውስጥ እያለም ስም ሳይጠራ አልቀረም" እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ደግሞ ቀልዱን እንደ ምስጋና እቆጥረው ነበር።

ጋሽ ኤርጫፎ በችግኝ ጣቢያው ውኃ አጠጪ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ሚስትም ልጅም ያልነበራቸው ሰው ናቸው። አሁን ስጽፍ "እሳቸው" እላለሁ እንጂ ያኔ "አንተ" ነበር የምላቸው። እሳቸውም ሥራ አስኪያጁን ጨምሮ ሁሉንም ሰው "አንተ" ነው የሚሉት። አማርኛቸው ያን ያህል ነበር፤ ማንም አይቀየማቸውም።

ሌላም ሥራ ነበራቸው። በካምፑ ውስጥ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍሩት እሳቸው ናቸው። የሾማቸው የለም፤ አንድ ጊዜ ቆፈሩ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ሬሳ ሲኖር በራቸውን ማንኳኳት ለመደ። ካምፑ ከከተማ ስለሚርቅ ከጫካው ጥግ ለመቃብር የሚሆን ቦታ ተሰጥቶን ነበር። የዚያ አገር መሬት ለቆፋሪ ጠላት ነው። ላዩ የዛፍ ሥር ብቻ ነው፤ እስከ ጉልበት ሳይወርዱበት ደግሞ ውኃ ያመነጫል። ጋሽ ኤርጫፎ ሥሩን በገጀራ እየቆረጡ፣ ውኃውን በጣሳ እየቀዱ፣ ቀትር ሳይሆን ይጨርሳሉ።

ታዲያ ከሰዓት በኋላ ለምን ወደ ሥራቸው አይመለሱም ትሉ ይሆናል። የማይመለሱት ሴቶቹ ስለማያስገቧቸው ነው። የመቃብር አፈር የነካ እጅ በዚያው ቀን ችግኝ ከነካ ችግኙ ይደርቃል የሚል እምነት ነበራቸው። አንድ ቀን ረስተው ቢገቡ ወይዘሮ አበበች የምትባለው፣ ለችግኝ ጣቢያው ሴቶች ሁሉ እንደ እናት የሆነችው፣ ባልዲውን ከእጃቸው ነጥቃ አስወጣቻቸው። ስለዚህ ቀብር ባለ ቁጥር ቀኑ ሙሉ በሙሉ ይቃጠልባቸዋል።

ሌላ ተቆጣጣሪ ቢሆን ጭረት አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ግን "ቀ" እጽፋለሁ። በደንቡ የሐዘን ፈቃድ የሚሰጠው ለሟች ቤተሰብ ነው፤ ለቀባሪ የሚል የለበትም። እሳቸውም አንድም ቀን ለምን ብለውኝ አያውቁም።

ከዚያ እርሻው ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ሠራተኛ በዝቷል አለ ተባለ። የአስተዳደር ኃላፊው ቢሮው ጠርቶ የሦስት ዓመቱን መቆጣጠሪያ ደምሬ፣ ብዙ ቀን የቀሩትን ከላይ ጀምሬ እንድዘረዝርለት አዘዘኝ። የሚቀነሱት ከዚያ እንደሚመረጡ አልደበቀኝም። "አንተን የመረጥነው ደብተርህ ንጹሕ ስለሆነ ነው፤ አንተን የሚነካህ የለም" አለኝ። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት።

ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ደመርኩ። ከሁሉም በላይ የወጣው የጋሽ ኤርጫፎ ስም ነበር። ስሕተት መስሎኝ ገጾቹን እንደገና ገለጥኩ። አንድ የጥቅምት ወር ገጽ ላይ ስደርስ ከራሴ ስም ፊት ሦስት "ፈ" ተደርድሮ አየሁ።

ያን ጥቅምት አልረሳውም። የመጀመሪያ ልጄን፣ ሜሮንን፣ በስምንት ወሯ ወባ የነጠቀኝ ያኔ ነው። ከእኔ በታች፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ከጋሽ ኤርጫፎ ስም ፊት "ቀ" አለ። ጽሑፉ የእኔ ነው። ከሐዘን እንደተመለስኩ ፎርማኑ በብጣሽ ወረቀት የያዘልኝን ይዤ የሦስቱን ቀን በአንድ ጊዜ ሞልቼው ነበር። የልጄን መቃብር የቆፈረልኝን ሰው ከሥራ ቀርቷል ብዬ ስጽፍ ምንም አልመሰለኝም ማለት ነው።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። አንዷን "ቀ" ባነሳ ለውጥ የለውም፤ ሁሉንም ባነሳ ደግሞ ደብተሩ ሐሰት ሊሆን ነው፣ ኃላፊው ይጠረጥረኛል እያልኩ ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጠሁት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ባለቤቴ አስቴር እንደገና እርጉዝ ነበረች፤ የምንኖረውም በእርሻው ቤት ነው። ዝርዝሩን እንዳለ ገልብጬ ሰጠሁ።

አርብ ጠዋት ብረቱ ተደወለ። ኃላፊው የታተመ ወረቀት ሰጠኝና ማንበብ የማይችለው ስለሚበዛ ጮክ ብለህ አንብብ አለኝ። ሠራተኛው እንደ ሁልጊዜው ተሰልፏል። ምን እንደምጠራ የተነገረው ሰው ስላልነበረ የመጀመሪያውን ስም ስጠራ ጋሽ ኤርጫፎ እንደ ልማዳቸው "አቤት" አሉ። የሁለተኛውም፣ የሦስተኛውም እንደዚያው። ከአምስተኛው በኋላ ሰዉ ነገሩ ስለገባው "አቤት" የሚል ጠፋ። እኔ ብቻዬን እየጮህኩ አነበብኩ።

ወረቀቱ ሁለተኛ ገጽ ነበረው። የቢሮ ሠራተኞች ይላል። ገልጬ ማንበብ ቀጠልኩና ሦስተኛው መስመር ላይ የራሴን ስም ከነአባቴ ጠራሁት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅሁት። ኃላፊውን ዞሬ ባየው መሬት መሬት ያያል።

"በል እንጂ፣ አቤት በል" አለች አበበች።

የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ስንብት ሆነ። የቀሩት የሚሄዱትን እያቀፉ ያለቅሳሉ፤ አሥራ አምስት ዓመት አብረው በችግኝ ላስቲክ አፈር የሞሉ ሴቶች አንገት ለአንገት ተያይዘው አይላቀቁም። እኔም ተቀናሽ ነኝና እጄን እየዘረጋሁ መሐላቸው ገባሁ። አንዷ ጣቶቿን ብቻ ሰጠችኝ። ሌላው ጀርባውን አዞረ። አበበች እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ኋላዋ ያዘችው። "ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል" አለችኝ። ልክ ነበረች።

ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ጋሽ ኤርጫፎ የሰውን እጅ ሁሉ ጨብጠው ሲጨርሱ ገጀራቸውን ከጎጇቸው አመጡና ወደ እኔ መጡ። ና አሉኝ። እውነት እላችኋለሁ፣ ገጀራውን ሳይ ሊመቱኝ መሰለኝ። ግን ቀድመውኝ ወደ ጫካው ጥግ አመሩ፤ ተከተልኳቸው።

መንገድ ላይ ልተነፍስ ፈልጌ ስለ ደብተሩ ነገርኳቸው። የሜሮን ቀብር ቀን የጻፍኩትንም፣ ሳላነሳው መስጠቴንም አልደበቅሁም። "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። እርስዎ ያልኳቸው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሳይቆሙ "ደብተሩ ልክ ነው" አሉ። "እኔ ያን ቀን ሥራ አልገባም።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከቀብሩ ወዲህ ወደዚያ ቦታ ሄጄ አላውቅም። አስቴር አልችልም ትላለች፤ እኔም እሷን ሰበብ አደርጋለሁ። በዚያ አገር አንድ ክረምት ያልታረመን መቃብር ጫካው ይውጠዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ምንም እንደማላገኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ጋሽ ኤርጫፎ ግን በታረመ ቀጭን መንገድ ወሰዱኝ። ሁሉም መቃብር ዙሪያው ተመንጥሯል። በእያንዳንዱ ራስጌ አንድ አንድ የቡና ችግኝ ተተክሏል። ሥረ ጠማማ ናቸው ተብለው ከችግኝ ጣቢያ የሚጣሉትን እየሰበሰቡ ነው የተከሉት። ያ ሴቶቹ ያደርቃል ያሉት እጅ ከተከላቸው አንዱም አልደረቀም።

ከአንዲት ትንሽ መቃብር ፊት ቆሙ።

"ይቺ ያንተ ናት" አሉ። "እኔ እሄዳለሁ። ከእንግዲህ አንተ ታርማለህ።"

ተንበረከክሁና አለቀስኩ። ለልጄም፣ ለሳቸውም፣ ለራሴም ነበር። ከዚያ እየዞሩ የሌሎቹን ነገሩኝ። ይሄ የአበበች ባል ነው፣ ይሄ ጥበቃው ነው፣ እዚህ ጋ በወሊድ የሞተችው ከነልጇ ናት። መጻፍ ስለማይችሉ ጻፍ አሉኝ። በእጄ የነበረው ወረቀት ያ ስሜ ያለበት ብቻ ስለነበር በጀርባው ጻፍኩ። ስም ሲነግሩኝ አልተደናቀፉም፤ የሞቱበትን ወር ሳይቀር ያውቁታል። የአንዳንዶቹን ወር ስሰማ ገጹ ይታየኝ ነበር። እኔ "ቀ" ያልኳቸው ቀናት ሁሉ እዚያ ተኝተዋል።

ስንጨርስ ካፊያ ጀመረ። ገጀራውን ሰጡኝና እጄን ጨብጠው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከሁሉም ሠራተኛ እጄን የጨበጡኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ማዳበሪያ ዕቃ ተሸክመው ወደ ማሻ በሚሄድ የጭነት መኪና ወጡ። እዚያ የሚያውቁት ሰው እንዳለ ተናግረው ነበር። እኛም በወሩ ቤቱን ለቅቀን ሚዛን ገባን። ዛሬ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልጃለሁ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ በዚያ ገጀራ ላርም እሄዳለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ አስቴርም አብራኝ ትመጣለች። አበበችንም አንድ ጊዜ እዚያው አገኘኋት፤ የባሏን መቃብር አርሜው አይታ ሰላም አለችኝ፣ እኔም ከዚያ በላይ አልጠበቅሁም።

ጋሽ ኤርጫፎን ግን አላገኘኋቸውም። ማሻ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዱ ወደ ጎሬ ተሻገሩ አለኝ፣ ሌላው ታመው ነበር አለኝ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም። በዕድሜያቸው በሕይወት ያሉ አይመስለኝም። ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ነው። ሞተው ከሆነ፣ መቃብራቸውን ለመቆፈር ብሎ በዚያ ቀን ከሥራው የቀረ ሰው ነበር ወይ?