ለቅሶ ላይ የተሳሳትኩት ላቲን

አጎቴ ሰው ሲቀበሉ እንኳ ጨካኝ ነበሩ። በወጣትነታቸው ለቅስና ሮም ተልከው ላቲንና ግሪክ ተምረዋል፤ ቅስናውን ትተው ተመልሰው ሆሳዕና መምህር ሆኑ። ደርግ በወደቀ ማግስት እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የእሳቸውኑ ትምህርት ያዝኩ።

ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር መናኸሪያ ቆመው ይጠብቁኛል። አይስሙኝም፣ ሻንጣዬንም አይቀበሉኝም። አንድ የላቲን ግጥም ይጀምሩና "ጨርሺው" ይሉኛል። ተሸካሚው ሁሉ ከቦን ይስቃል።

አንድ ክረምት ግጥሙ መሐል ላይ ጠፋኝ። "ተመለሺ!" አሉኝና ትኬት ቆርጠው ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ አሳፈሩኝ። እናቴ እኔን ለመቀበል ከፎንቆ ድረስ መጥታ ነበር። መስኮቱ ስር ቆማ "ኧረ ወንድሜ፣ ልጄን እንኳ ልሳማት!" ብላ ለመነቻቸው።

"አጥንታ ስትመጣ ትስሚያታለሽ" አሏት።

የአጎቴ መርዶ ደርሶኝ ስመጣ መናኸሪያው ላይ የጠበቀኝ የለም። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ እየጮኹ መግባት ወግ ነው። እኔ ግን አፌን ስከፍት የወጣው ያ ግጥም ነው። ሴቶቹ ሙሾ መስሏቸው ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሉኝ፤ እናቴም አንገቴን አቅፋ "አልቅሺለት ልጄ፣ አልቅሺለት" አለችኝ።

ያኔ የጠፋኝ ቦታ ላይ ስደርስ ዛሬም ተሳሳትኩ። ቆም ብዬ ጠበቅኩ። ድንኳን ሙሉ ሰው አብሮኝ አለቀሰ እንጂ "ተመለሺ!" የሚለኝ ጠፋ።