ዲኑ ያወቀኝ ቀን

ይሄን ሳልነግራችሁ ብቀር እፈነዳለሁ። የእህቴ ልጅ ሃና መምህርነት ተምራ ለመመረቅ የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ የኮሌጇ ዲን ስታስተምር አይቶ ማርክ ይሰጣታል። ክፍል ውስጥ ካላገኛት ዓመቱን ትደግማለች።

ያን ቀን ከገበያ ስመለስ ቡልቡላ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ጎራ አልኩ። ሃና ገና ስታየኝ፣ "አክስትዬ፣ ልጆቹን ያዢልኝ! ዲኑ የትምህርት ዕቅዱን በሦስት ኮፒ ካላገኘ አይቀመጥም" ብላ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት በረረች። የትምህርት ማሻሻያ ሲሉን የከረሙት ወረቀት ማባዛት ኖሯል!

እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ልጆቹ ሲንጫጩብኝ ጊዜ ከዘንቢሌ ሎሚ አውጥቼ መቀነስ ማስተማር ጀመርኩ። በዚህ መሀል አንድ ከረባቱን ያሰረ ሰውዬ ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠና ይጽፍ ጀመር። ዲኑ! ሃና የለችም ብል ልጅቷ ወደቀች። ሎሚዬን መቀነስ ቀጠልኩ።

ስጨርስ መጥቶ ጨበጠኝ።

"ሃና ነሽ አይደል?"

እኔ የሃምሳ ዓመት ሴትዮ፣ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ "አዎ" አልኩ።

ሙሉ ማርክ ሞላልኝና ፈገግ አለ። "ሦስት ዓመት ሙሉ ሳስተምርሽ እኮ፣ ጎበዝ እንደምትሆኚ ዓይንሽን አይቼ አውቅ ነበር!"